ለታናናሾቻችን ምን እናስነብብ?

(በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ አንድ ትንሽ ሥራ ለመናገር ነው። ትንሽ የምንለው ብዙ ገንዘብ ስላልወጣበት ነው እንጂ የሚነካው ነገር ትንሽ ሆኖ አይደለም። እንደምታስታውሱት በዓመቱ መጀመሪያ ማኅበራችን ከአባሎቹ መካከል ስድስታችንን መርጦ፣ በአቅራቢያችን በሚገኝ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የንባብ ክበብ እንድንመራ ልኮን ነበር። እነሆ ዓመቱ ስላለቀ ምን እንደ ሠራን፣ በምን እንደ ተሳሳትንና ከእናንተ ምን እንደምንፈልግ ልንነግራችሁ መጥተናል።

ከስሕተታችን እንጀምር። በመጀመሪያው ቅዳሜ ሃያ ሁለት ተማሪዎች መጡ። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ዓመት ነበር። እኛም የምንወዳቸውን፣ ወይም እውነቱን ለመናገር ልንወዳቸው ይገባናል ብለን የምናስባቸውን መጻሕፍት በካርቶን ተሸክመን ሄድን። የየደራሲውን የሕይወት ታሪክ ተናገርን፤ የመጽሐፉን ፍሬ ነገር በጥቍር ሰሌዳ ላይ ጻፍን፤ በመጨረሻም «ከዚህ ታሪክ ምን ትምህርት እናገኛለን?» ብለን ጠየቅን። በሁለተኛው ቅዳሜ የመጡት ዐሥራ አራት ነበሩ። በአራተኛው ቅዳሜ ሰባት ቀሩ። ከሰባቱም ሁለቱ የመጡት ዝናቡን ለማሳለፍ እንደ ነበረ ኋላ ራሳቸው ነገሩን።

ያን ቀን ወደ ግቢያችን ስንመለስ ጥፋቱን በማን ላይ እንደ ጣልነው መናገር ያሳፍራል። የዛሬ ልጅ ስልክ እንጂ መጽሐፍ አይወድም አልን። ወላጆችን ወቀስን፤ መምህራንን ወቀስን፤ ዘመኑን ወቀስን። ከእኛ በቀር ያልወቀስነው ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ግን ከቀሩት ልጆች አንዲቱን የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ፣ ጓደኞቿ ለምን እንደ ቀሩ ጠየቅናት። ጥቂት አሰበችና፣ «ቅዳሜም ክፍለ ጊዜ ሆነባቸዋ!» አለችን። ቀጥላም፣ «መጽሐፎቻችሁ ጥሩ ሳይሆኑ አይቀሩም። ግን በውስጣቸው የኔ ዕድሜ ያለው ሰው ሲኖር ወይ ይመከራል፣ ወይ ይገረፋል፣ ወይ ይዳራል። እሱ ራሱ የሚያደርገው ነገር የለም» አለች።

ጓደኞች ሆይ፤ ይህች ልጅ በሁለት ዓረፍተ ነገር የተናገረችው ነገር በሌላ አገር ራሱን የቻለ የድርሰት ዓይነት የተፈጠረበት ምክንያት ነው። በእንግሊዝኛ «ያንግ አዳልት» የሚባለውን፣ እኛ «የጐረምሶችና የኰረዶች ልብ ወለድ» ልንለው የምንችለውን ማለታችን ነው። ከ12 እስከ 18 ዓመት ገደማ ላሉ አንባቢዎች ታስቦ ይጻፋል፤ እንደ ሕፃናት ተረት አያባብልም፤ እንደ ትልልቆች ልብ ወለድም ያለፈውን ዕድሜ ወደ ኋላ እየተመለከተ አይተርክም። ዋናው ሰው የአንባቢው እኩያ ነው። ችግሩ የእሱ ነው፤ ውሳኔውም የእሱ ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ትልቅ ሰው መጥቶ ነገሩን አያስተካክልለትም።

ከእነዚህ መጻሕፍት ቀደምት ከሚባሉት አንዱ በ1967 (ለይተን ካልተናገርን ዘመኑን የምንቈጥረው በአውሮፓውያን ነው) የታተመው «ዚ አውትሳይደርስ» ነው። የጻፈችው ኤስ ኢ ሂንተን የምትባል አሜሪካዊት ስትሆን፣ በኦክላሆማ ግዛት በተልሳ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለች ነበር መጻፍ የጀመረችው። መጽሐፉ ሲታተም ዕድሜዋ ገና 18 ነበር። ስለ ድኾችና ስለ ሀብታሞች ልጆች ጠብ የጻፈችው፣ በዙሪያዋ የምታየውን ሕይወት በተሰጧት መጻሕፍት ውስጥ ስላጣችው ነው። ይህን ነገር ያዙልን፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

እንግዲህ ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ካርቶናችንን ይዘን ተመለስንና ሌሎች መጻሕፍት መፈለግ ጀመርን። አንዳንዱን ከውጭ አገር ከመጡ ዘመዶቻችን፣ አንዳንዱን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጮች አገኘን። ከየዓይነቱ ከሁለት ቅጂ በላይ አልነበረንም። ከሞከርናቸው መካከል ልጆቹ ተሻምተው ያነበቧቸውን አራቱን እንነግራችኋለን።

የመጀመሪያው በኤልሳቤጥ ሌይርድ የተጻፈውና በ2003 የታተመው «ዘ ጋርቤጅ ኪንግ» ነው። ደራሲዋ በወጣትነቷ በአዲስ አበባ አስተማሪ የነበረች ብሪታንያዊት ናት። ታሪኩም የሚፈጸመው በዚሁ በአዲስ አበባ ነው። ማሞ ከእኅቱ ጋር የሚኖር ድኻ ልጅ ነው፤ አንድ ሰው አጎትህ ነኝ ብሎ አታልሎ ወደ ገጠር ይወስደውና ለገበሬ ይሸጠዋል። ዳኒ ደግሞ የሀብታም ልጅ ሆኖ በትምህርቱ ደካማ ስለ ሆነ አባቱን ፈርቶ ከቤቱ የጠፋ ነው። ሁለቱ በጐዳና ላይ ይገናኛሉ።

ይህን መጽሐፍ ስናነብ ክርክር ተነሣ። አንዱ ተማሪ፣ «የኛን ከተማ ፈረንጅ ለምን ይጽፍልናል? እዚህ ውስጥ ያሉት ልጆች እንደ ሠፈራችን ልጆች አይናገሩም» አለ። ሌላው፣ «እናንተ ጽፋችሁት ኖሮ ነው?» ብሎ መለሰለት። ክፍሉ ዝም አለ። እኛም ዝም አልን። ልጁ የተናገረው ስሕተት አይደለምና፤ የተመለሰለትም መልስ ስሕተት አይደለምና። ይህን መጽሐፍ የምናስነብበው ለማን እንደ ሆነ ብትጠይቁን፣ ከትምህርት ቤት በር ላይ ጫማ የሚጠርገውን እኩያውን በየቀኑ እያየ ስሙን ጠይቆ ለማያውቅ ተማሪ ነው እንላለን።

ሁለተኛው በ2001 የታተመው የቤንጃሚን ዘፋንያ «ሬፊዩጂ ቦይ» ማለትም «ስደተኛው ልጅ» ነው። ደራሲው በበርሚንግሃም ያደገ፣ ወላጆቹ ከካሪቢያን ደሴቶች የመጡ እንግሊዛዊ ባለቅኔ ነበር። በ13 ዓመቱ ማንበብና መጻፍ በቅጡ ሳይችል ከትምህርት ቤት ወጣ፤ ኋላም የታወቀ ደራሲ ሆኖ በ2023 ዐረፈ። ይህን ብቻ ስንነግራቸው በኋለኛው ወንበር የተቀመጡት ልጆች ቀና አሉ።

የታሪኩ ባለቤት ዓለም የሚባል የ14 ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ኢትዮጵያዊ፣ እናቱ ኤርትራዊት ናት። ከ1998 እስከ 2000 በሁለቱ አገሮች መካከል በተደረገው ጦርነት ምክንያት ቤተ ሰቡ በዚህም በዚያም እንደ ጠላት ይታያል። አባቱ ለሽርሽር ነው ብሎ እንግሊዝ አገር ይወስደውና፣ ልጁ አንድ ቀን ጧት በሆቴል ክፍል ውስጥ ሲነቃ ከአባቱ የተተወለትን ደብዳቤ ብቻ ያገኛል። ለሕይወቱ ሲል ትቶት ሄዷል። ቀሪውን አንነግራችሁም። ግን መጽሐፉ የወላጅ ሞት ያለበት ስለ ሆነ፣ በቅርቡ ሐዘን ለደረሰበት ልጅ ሳይነግሩ መስጠት አይገባም። እኛ ሳንጠይቅ ሰጥተን አንዲት ልጅ ስታለቅስ አግኝተናታል። መጽሐፉን ግን ልንወስድባት ስንል አልሰጥም አለች። ጨርሳ መለሰችው።

ሦስተኛው በ2010 የወጣው የሊንዳ ሱ ፓርክ «ኤ ሎንግ ዎክ ቱ ዎተር» ነው። በእንግሊዝኛው ለሚፈራ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘንም፤ አጭር ነው፤ ዓረፍተ ነገሮቹም ቀላል ናቸው። ሳልቫ ዱት የሚባለው ሰው እውነተኛ ሰው ነው። በ1985 በደቡብ ሱዳን የ11 ዓመት ተማሪ ሳለ ጦርነቱ ከክፍል አስወጣውና በእግሩ እየተጓዘ ጋምቤላ ውስጥ ወደሚገኘው የኢታንግ የስደተኞች ሰፈር ደረሰ። በ1991 ከዚያም ሲባረሩ የጊሎን ወንዝ ተሻግሮ ብዙ ልጆችን እየመራ ወደ ኬንያ ተጓዘ። ኋላ በአሜሪካ ኖረ፤ ከዚያም ለአገሩ ሰዎች የውሃ ጕድጓድ የሚያስቈፍር ድርጅት አቋቋመ። ከእርሱ ታሪክ ጐን ለጐን በ2008 በየቀኑ ሁለት ጊዜ ውሃ ለመቅዳት የምትመላለስ ኒያ የምትባል ልጅ ትተረካለች።

ከገጠር መጥታ በዘመድ ቤት የምትኖር አንዲት ተማሪ ስለ ኒያ ያነበበችለት ዕለት፣ ለክፍሉ የእንስራን ክብደት፣ ወገብን እንዴት እንደሚቈርጥ፣ ዳገት ላይ እንዴት እንደሚታረፍ አስረዳች። እስከዚያ ቀን ድረስ በክፍሉ ውስጥ ድምፅዋን የሰማ አልነበረም። ያን ቀን አስተማሪዋ እርስዋ ነበረች።

አራተኛው በ2017 የታተመው የጄሰን ሬይኖልድስ «ሎንግ ዌይ ዳውን» ነው። በግጥም መልክ የተጻፈ ስለ ሆነ ገጹ ብዙ ቢሆንም ቃሉ ጥቂት ነው፤ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ዊል የሚባል የ15 ዓመት አሜሪካዊ ልጅ ወንድሙ በጥይት ይገደልበታል። በሠፈሩ ሦስት ሕግ አለ፤ ማልቀስ የለም፤ መጠቆም የለም፤ ደም መመለስ አለ። ልጁ የወንድሙን ሽጕጥ ወገቡ ላይ ሽጦ በአሳንሰር ይወርዳል። መጽሐፉ በአብዛኛው የሚፈጸመው አሳንሰሩ ምድር እስኪደርስ ባለችው አንዲት ደቂቃ ያህል ጊዜ ውስጥ ነው። አሳንሰሩም በየፎቁ ሲቆም በጥይት የሞተ፣ ልጁ ወይም ቤተ ሰቡ የሚያውቀው ሰው ይገባል።

ይህን መጽሐፍ ለልጆች መስጠታችንን የሰሙ ሰዎች ወቅሰውናል። «ጠመንጃና በቀል ታስተምራላችሁ ወይ?» ተብለናል። ወቀሳውን አልናቅነውም። ነገር ግን ጓደኞች ሆይ፤ ደም መመለስ ከአሜሪካ በመጽሐፍ ተጭኖ የመጣብን ነገር ነው ወይ? በአገራችን ስንቱ ልጅ ነው ገና በአንቀልባ ሳለ ደመኛው እየተነገረው ያደገው? ስንቱስ ሽማግሌ ነው ደም ለማድረቅ በየመንደሩ ሲንከራተት የኖረው? ልጆቹ ነገሩን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። የጐደላቸው ስለ እርሱ የሚነጋገሩበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ነገር አንድ ነገር እንጨምራለን። ያን ቅዳሜ ሁሉም ከሄዱ በኋላ አንድ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኋላ ቀረ። አባቱ እርሱ ሕፃን ሳለ እንደ ተገደለ፣ በአገሩም ያሉ ዘመዶቹ እርሱ ለአካለ መጠን እስኪደርስ እንደሚጠብቁ ነገረን። ምን እንደምንመልስለት አላወቅንም። መጽሐፉን ግን ተዋሰን። ሦስት ሳምንት አቈይቶ ሲመልሰው፣ «ልጁ ከአሳንሰሩ ወርዶ ሄደ ወይስ ተመለሰ?» ብሎ ጠየቀን። «አልተጻፈም» አልነው። «ጥሩ ነው» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅዳሜ አልቀረም።

አሁን ደግሞ መጽሐፍ ለታናሽ ሰው እንዴት መምረጥ እንደሚገባ በዓመቱ የተማርነውን ባጭሩ እንናገር።

አንደኛ፤ ከመስጠት በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። «ምን ማንበብ ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ግን አይበቃም፤ ብዙዎቹ አንብበው ስለማያውቁ መልስ የላቸውም። «ባለፈው ሳምንት ምን አናደደህ? ምን አሳቀህ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ራሳችን ያላነበብነውን መጽሐፍ ጥሩ ነው ማለት የለብንም። ልጆች ይህን ውሸት ወዲያው ያውቁታል።

ሦስተኛ፤ ስለ መጽሐፉ ብዙ ከመናገር የመጀመሪያውን ገጽ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብና ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ማቆም ይበልጣል።

አራተኛ፤ ልጁ ካልወደደው ያለ ነቀፋ እንዲተወው መፍቀድ ይገባል። እኛም ያልጨረስነው መጽሐፍ ስንት ነው!

አምስተኛ፤ «ምን ትምህርት አገኘህ?» የሚለውን ጥያቄ ፈጽመን ትተነዋል። በምትኩ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» እንላለን። የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ አለው፤ እርሱም እኛ ልንሰማው የምንፈልገው ነው።

ከእናንተ መካከል አንዳንዶቻችሁ ሁለት ተቃውሞ እንዳላችሁ እናውቃለን። አንደኛው፣ «ልጆቹን ከገዛ ድርሰታችን ታርቃላችሁ» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ፍርሃት እኛም ነበረን። የሆነው ግን ሌላ ነው። ማንበብ የለመደ ልጅ ሌላ መጽሐፍ ይፈልጋል። ከልጆቹ ሦስቱ በዓመቱ መጨረሻ በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ጀምረዋል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ይህንኑ መጽሐፍ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ስንተነትንላቸው የሸሹን እነርሱው ነበሩ። መጽሐፉ አልተለወጠም፤ የመጡበት መንገድ ተለወጠ እንጂ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ቋንቋው ነው። እውነት ነው፤ እነዚህ አራት መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ናቸው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ቢማርም፣ ቋንቋውን የሚያውቀው በፈተና ነው፤ ስቆበት ወይም አልቅሶበት አያውቅም። እኛ ያደረግነው አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ አንብበን ክርክሩን በአማርኛ ማድረግ ነበር። ይህ ለጊዜው ይረዳል እንጂ መፍትሔ አይደለም። መፍትሔው ትርጕምና አዲስ ድርሰት ነው። ለትርጕም ግን የደራሲው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ ቍጥር 410/1996ም ይህንኑ ያዛል። ስለዚህ ተርጕመን እናባዛው የምትሉን ወንድሞችና እኅቶች በመጀመሪያ ደብዳቤ እንጻፍ።

እንግዲህ ከማኅበራችን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው።

የመጀመሪያው፣ እያንዳንዱ አባል በዓመት አንድ መጽሐፍ ለክበቡ ይስጠን። ለትልቅ ሰው ክብር የሚሆን መጽሐፍ አንፈልግም፤ እናንተ በ15 ዓመታችሁ ሌሊት ሻማ አብርታችሁ የምታነቡት ዓይነት ይሁን።

ሁለተኛው፣ በሚመጣው ዓመት ከመምህራኖቻችን አንድ ሁለቱ ከእኛ ጋር ይምጡ። መጽሐፍ የልጅን አፍ ሲከፍት ከሚወጣው ነገር አንዳንዱ በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው የሚከብድ ነው። ስለዚያ የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ የነገርናችሁ ለወሬ አይደለም። እኛ ብቻችንን ልንሸከመው የማይገባ ነገር ስለ ሆነ ነው።

ሦስተኛው፣ በዚህ በልሳናችን ውስጥ ሁለት ገጽ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ድርሰት ይለቀቅ። በአማርኛም ሆነ በሌላው የአገራችን ቋንቋ ይጻፉ። ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። በመጨረሻው ቅዳሜ ዐሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ያች ቅዳሜም ክፍለ ጊዜ ሆነባቸው ያለችን ልጅ በደብተር ቅጠል ላይ የጻፈችውን አራት ገጽ ሰጠችን። ስለ አንዲት ልጅ ነው፤ ልጅቱ እናቷ ከዐረብ አገር በምትልከው ገንዘብ ታናናሾቿን ታሳድጋለች፤ አንድ ወር ገንዘቡ ይቀራል። ትልቅ ሰው መጥቶ አያስተካክልላትም። ልጅቱ ራስዋ ነገሩን ትይዘዋለች፤ ገና አላለቀም።

ስትሰጠን፣ «ጎበዝ ብላችሁ እንዳትጽፉበት» አለችን። «የሰለቻችሁ ቦታ ላይ ምልክት አድርጉልኝ።»

ከስድስታችን ሁሉ ዘንድ ዞሯል። በሁለተኛው ገጽ አንድ ቦታ ምልክት አድርገናል። ሦስተኛውንና አራተኛውን ግን እርሳሳችንን ረስተን አንብበነዋል። ሂንተንም ስትጀምር በዚህችው ልጅ ዕድሜ ነበረች። የጐደለው ልጅቱ ጽሑፍዋን የምታወጣበት ገጽ ብቻ ነውና፣ ጓደኞቻችን፣ ያን ገጽ እንድትፈቅዱልን በትሕትና እንለምናለን።